ቆሼ ላይ ኳስ መጫወት ይቻላል?

ከአየር ጤና ወደ ጀሞ በታክሲ ተመላልሳችሁ የምታውቁ ከሆነ ያቺን ደቂቃ ታውቋታላችሁ። ማንም «መስኮት ዝጉ» ሳይል ሁሉም እኩል መስኮቱን ይስባል። ነጠላ ያላት ነጠላዋን፣ ሹራብ የለበሰው የሹራቡን አንገት አፍንጫው ላይ ያደርጋል። ጨዋታ ይቋረጣል። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ይከፈታል፤ ጨዋታውም ካቆመበት ይቀጥላል። አብዛኞቻችን ቆሼን የምናውቀው በዚህ መልኩ ነው፤ ትንፋሻችንን ይዘን እያለፍን።

እስቲ አሁን ያንኑ ቦታ በሌላ መልኩ አስቡት። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ተራራው ሣር ለብሷል። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ጥንዶች ሴልፊ ይነሳሉ፣ ከታች ሜዳው ላይ የሰፈር ቡድኖች ይጋጠማሉ።

ቅዠት ሊመስል ይችላል። ግን የቆሻሻ ተራራን መናፈሻ ያደረጉ ከተሞች ጥቂት አይደሉም። እንዴት እንዳደረጉት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባቸውና የት ላይ እንደተሳሳቱ ማወቅ ለኛ ይጠቅመናል። ምክንያቱም አዲስ አበባ አንድ ቀን «ቆሼን ምን እናድርገው?» የሚለውን ጥያቄ መመለሷ አይቀርም። መልሱ ደግሞ ዛሬ 20 ዓመት የሆናችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱበት፣ ወይም የማትሄዱበት ቦታ ነው።

ሴኡል፦ 291 ደረጃ

የደቡብ ኮሪያን ዋና ከተማ ሴኡልን ሀን የሚባል ትልቅ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ከወንዙ ዳር ናንጂዶ የምትባል በአበባዋ የታወቀች ደሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1978 ከተማዋ ቆሻሻዋን እዚያ መድፋት ጀመረች። በ1993 ቦታው ሲዘጋ 92 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተከምሮ ነበር። ሜዳ የነበረው ቦታ ወደ 100 ሜትር የሚጠጉ ሁለት ተራሮች አበቀለ። በዚያ 15 ዓመት ውስጥ ከቆሻሻው ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ፣ እዚያው አጠገቡ ጎጆ ቀልሰው የኖሩ ቤተሰቦችም ነበሩ። ታሪኩ ለኛ እንግዳ አይደለም።

ከዚያ ምን ተደረገ? በቀጥታ አበባ አልተተከለም። መጀመሪያ መርዛማው ፈሳሽ ወደ ወንዙ እንዳይገባ ዙሪያውን ከመሬት በታች ግድግዳ ተሠራ። ጋዙ የሚወጣበት ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የተሰበሰበው ጋዝ ለማሞቂያ እንዲውል ተደረገ። ቁልሉ በአፈር ተሸፈነ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሴኡል የዓለም ዋንጫን ባስተናገደችበት በ2002 ቦታው «የዓለም ዋንጫ ፓርክ» ተብሎ የተከፈተው። ዛሬ ከሁለቱ ተራሮች አንዱ «የሰማይ ፓርክ» ይባላል። 291 ደረጃ ወጥታችሁ ስትደርሱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነጭ ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ ታያላችሁ። በጥቅምት ወር ሕዝቡ ለፎቶ የሚጎርፍበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ተራራ ላይ ግን ጠብ ተነሳ። እዚያ የተሠራው ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ ነበር። ነዋሪዎች ጥያቄ አነሱ፤ የከተማው ሁሉ ቆሻሻ የተጣለበት ቦታ እንዴት ጎልፍ ለሚጫወቱ ጥቂት ሰዎች ይሰጣል? በከተማው አስተዳደርና ሜዳውን በሠራው ተቋም መካከል ለዓመታት የዘለቀ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ በ2008 ሜዳው ቀርቶ ለሁሉም ክፍት የሆነ መናፈሻ ተደረገ። ይህችን ታሪክ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከሣሩ ሥር ያለው ነገር

የቆሻሻ መጣያ ሲዘጋ አይሞትም። መኪና መድፋት ያቆማል እንጂ ከሥር ያለው ለአሥርት ዓመታት ሥራውን ይቀጥላል። ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጋዝ ነው። የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ወረቀት፣ ቅጠል አየር በሌለበት ሲበሰብስ ጋዝ ያወጣል። ግማሹ ያህል ሚቴን፣ አብዛኛው ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ በሆነ መጠን ሲቀላቀል አንዲት የክብሪት እሳት ብቻ ይበቃዋል። በዚያ ላይ ሽታ የለውም። በታክሲ ስናልፍ የሚሸተን ሌላ ጋዝ ነው። ስለዚህ «አሁንማ አይሸትም» ማለት «አደጋ የለውም» ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር ደርቢሸር ውስጥ ሎስኮ በምትባል መንደር በ1986 አንድ መኖሪያ ቤት ፈንድቶ ወድሟል፤ ውስጡ የነበሩት ሦስት ሰዎችም ክፉኛ ተጎድተዋል። ጋዙ አጠገባቸው ካለው የተዘጋ የቆሻሻ መጣያ ከመሬት በታች ተጉዞ ነው ቤቱ ውስጥ የገባው።

ሁለተኛው ፈሳሽ ነው። ዝናብ በቆሻሻው ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ የባትሪውን፣ የቀለሙን፣ የመድኃኒቱን፣ የበሰበሰውን ሁሉ አጥቦ ይወርዳል። ከታች የሚወጣው ጥቁር ጭማቂ መውጫ ካልተበጀለት ወደ ከርሰ ምድር ውኃና ወደ ወንዝ ይሄዳል። ዘመናዊ ማስወገጃ ከመጀመሪያው ከሥሩ የሸክላ አፈርና የፕላስቲክ ንጣፍ ይደረግለታል። ቆሼ ሥራ የጀመረው ከግማሽ ክፍለ ዘመን በፊት በባዶ መሬት ላይ ነው፤ ከሥሩ የተነጠፈ ነገር የለም። ክረምታችን ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

ሦስተኛው መስመጥ ነው። ቆሻሻ ሲበሰብስ ይቀንሳል። ስለዚህ ተራራው ለዓመታት ይሰምጣል፤ እሱም እኩል አይደለም። እዚህ ጋ የተጣለው የግንባታ ፍርስራሽ ባለበት ይቆያል፣ እዚያ ጋ የተጣለው የአትክልት ተራ ቆሻሻ ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ ልሙጥ ያደረጋችሁት የኳስ ሜዳ ከሦስት ዓመት በኋላ መሐሉ ገንዳ ሊሆን ይችላል። ከባድ ሕንፃ ቢሠራበት ይሰነጠቃል። የውኃ ቧንቧ ቢቀበር ይሰበራል፤ ከተሰበረም ውኃው ወደ ቁልሉ ይገባል፣ ጭማቂው ይበዛል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ክዳን ነው፤ አንድ የአፈር ሽፋን ሳይሆን እንደ አልጋ በደንብ የተነጠፈ። ከሥር ቁልሉን የሚያስተካክል አፈር፣ ከዚያ ጋዙ ወደ ቧንቧ የሚሄድበት የጠጠር ንጣፍ፣ ከዚያ ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ወይም ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከዚያ የዝናቡን ውኃ ወደ ጎን የሚወስድ ንጣፍ፣ ከላይ ሣር የሚበቅልበት ለም አፈር። የኛ መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፋፈላል። ብቻውን ክዳን ይሆናል ብሎ መመካት አይቻልም። ሥሩ ጠልቆ ክዳኑን የሚበሳ ትልቅ ዛፍም እንዲሁ በየቦታው አይተከልም። «ባሕር ዛፍ ተክለንበት እንገላገል» የሚል ሰው ከመጣ ቆም ብሎ ማሰብ ነው።

ኒውዮርክ፦ የማይቸኩል ፓርክ

የኒውዮርክ ፍሬሽ ኪልስ በዓለም ላይ ከነበሩት ግዙፍ የቆሻሻ መጣያዎች አንዱ ነበር። 890 ሄክታር ገደማ ነው። በ1948 ተከፈተ፣ በመጋቢት 2001 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የመንትዮቹ ሕንፃዎች ፍርስራሽ የሚጣራበት ቦታ ሆኖ ለጊዜው እንደገና ተከፈተ። የሟቾች አጽም በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ይፈለግ ነበር። ስለዚህ ለብዙ የኒውዮርክ ቤተሰቦች ያ ቦታ የሐዘን መሬት ጭምር ነው።

ከተማዋ የንድፍ ውድድር አውጥታ መናፈሻ ለማድረግ ወሰነች። እቅዱ በየምዕራፉ እስከ 2036 ድረስ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ የተከፈቱት ቆሻሻ የሌለባቸው የዳር ቦታዎች ናቸው፦ የልጆች መጫወቻ፣ የኳስ ሜዳዎች። ወደ መሐል የሚያስገባው የመጀመሪያው ክፍል ለሕዝብ የተከፈተው በጥቅምት 2023 ነው፤ ከተዘጋ ከ22 ዓመት በኋላ። እሱም ቢሆን ከጠቅላላው 9 ሄክታር እንኳ አይሞላም። ጉልበት ያለውን ሸምበቆ እንዲበሉላቸው ፍየሎች ያሰማሩበት ጊዜም ነበር። በሰው ሥራ ውድ የሆነውን ነገር ፍየል ሠራው፤ ይህቺኛዋ ቴክኖሎጂ እንኳ ለኛ አትጠፋንም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ገንዘብም ባለሙያም ያላት ከተማ 22 ዓመት የጠበቀችው ስንፍና ይዟት አይደለም። እንዲህ ያለ መሬት እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የተዘጋ ማስወገጃ በመደበኛው ለ30 ዓመት ክትትል ይደረግለታል፦ ጋዙ ይለካል፣ የጉድጓድ ውኃው ይመረመራል፣ ክዳኑ ይጠገናል። ሪባን ተቆርጦ የሚያልቅ ሥራ አይደለም ማለት ነው።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ሂሪያን ታውቁታላችሁ፤ ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቴል አቪቭ ስትሄዱ የሚታየው አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ኮረብታ ነው። ከ1952 እስከ 1998 የቆሻሻ መጣያ ነበር። ከተዘጋባቸው ምክንያቶች አንዱ የሚሰበሰቡበት ወፎች ለአውሮፕላን አደጋ መሆናቸው ነው። ዛሬ የአሪኤል ሻሮን ፓርክ አካል ነው። እዚያም ከመናፈሻው በፊት የተሠራው ሥራ ዳገቱ እንዳይናድ ማጠናከር ነበር።

ካይሮ፦ ከሰፈሩ ጋር የተሠራ

ከኛ የበለጠ የሚቀርበው ምሳሌ ካይሮ ነው። አል አዝሃር ፓርክ 30 ሄክታር ገደማ ሲሆን የተሠራው ለ500 ዓመት ያህል አፈርና ፍርስራሽ ሲደፋበት በኖረ ኮረብታ ላይ ነው። በ2005 ተከፈተ። ሲቆፈር ለዘመናት ተቀብሮ የኖረ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ግንብ ብቅ አለ። እውነቱን ለመናገር ከቆሼ ጋር አንድ አይደለም። ፍርስራሽ እንደሚበሰብስ ቆሻሻ ጋዝ አያወጣም፣ ካይሮም እንደኛ ክረምት የላትም።

የምንማረው ሌላ ነገር ነው። ከፓርኩ አጠገብ ዳርብ አል አህመር የሚባል ደሃ የቆየ ሰፈር አለ። ሥራውን የመራው የአጋ ካን የባህል ድርጅት ፓርኩን ብቻ ሠርቶ አልሄደም። የሰፈሩን ሰዎች አሠልጥኖ በግንባታው ሥራ አስገባ፣ አሮጌ ቤቶቻቸው እንዲታደሱ አደረገ። ብዙ ቦታ መናፈሻ ሲመጣ ኪራይ ይንራል፣ ድሃው ይለቃል። እዚያ ቢያንስ ጥያቄው ቀድሞ ተነስቶ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ቆሼ 36 ሄክታር ገደማ ነው። በኳስ ሜዳ ቢለካ ወደ 50 ሜዳ ይወጣዋል። እንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ከየት ይገኛል? የሰፈር ሜዳ እየጠበበ፣ ልጆች አስፋልት ዳር ኳስ በሚጫወቱበት ከተማ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ከአጠገቡም በነሐሴ 2010 ዓ.ም የተመረቀው ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ቆሟል።

ግን ስለ ቆሼ የሚወራ ወሬ ሁሉ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ጋ ሳይደርስ አያልፍም። ቅዳሜ ምሽት ነበር። ተራራው ተናደ። ከሥሩና ከጎኑ በጭቃና በላስቲክ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ተቀበሩ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። አስከሬን ፍለጋው ቀናት ፈጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ከዚያ በፊት የሆነውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ቆሼን ይተካል የተባለው የሰንዳፋ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም ሥራ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ። የአካባቢው ገበሬዎች ውኃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ተቃወሙ። መኪናው ዞሮ ወደ ቆሼ ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላ ተራራው ተናደ። ከዚህ የምንረዳው «ቆሼ ይዘጋ» የሚለው ነገር ብቻውን የማይቆም መሆኑን ነው። አንድ ቦታ ስንዘጋ ሌላ ቦታ እንከፍታለን፤ የምንከፍትበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰው አለ። እኛ ቆሼ ላይ ሴልፊ ስንነሳ የሌላው ሰፈር ልጅ አፍንጫውን የሚይዝ ከሆነ ችግሩን አዛወርነው እንጂ አልፈታነውም።

ከአደጋው በኋላ ፉኩኦካ የሚባለው የጃፓን ዘዴ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በኩል እዚያው ቆሼ ላይ ተሞክሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በቁልሉ ውስጥ ቧንቧና ድንጋይ በማስገባት ፈሳሹ እንዲወጣ፣ አየር እንዲገባ ማድረግ። አየር ሲገባ የሚቴኑ መጠን ይቀንሳል፣ ብስባሹም ቶሎ ይረጋጋል። ዋጋው ቀላል የሆነ፣ በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራ ዘዴ ነው። ወደ መናፈሻ የሚወስደው መንገድ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ይጀምራል እንጂ በአበባ አይጀምርም።

ታዲያ ምን ሊሠራበት ይችላል? ከሌሎች ልምድ ስንነሳ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ዳገቱን ማለዘብና ማጠናከር፣ ፈሳሹን መሰብሰብ፣ ጋዙን ማውጣት፣ መክደን፣ መጠበቅ። እየተጠበቀም ቆሻሻ ያልተጣለበት ዳር ካለ እሱን ቀድሞ መክፈት ይቻላል። ቁልሉ ላይ ደግሞ መሬቱ ቢሰምጥ በቀላሉ የሚጠገን ነገር ይመረጣል፦ የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ የሣር ሜዳ፣ የሩጫ ዳገት። የኛ ሯጮች ዳገት ሲፈልጉ እንጦጦ ድረስ ነው የሚሄዱት። የኳስ ሜዳ መሬቱ ከተረጋጋ በኋላ፣ ያውም የሣር ወይም የአፈር። መዋኛ ገንዳ፣ ምድር ቤት ያለው ካፌ፣ ደመራና ካምፕፋየር ግን ቁልሉ ላይ አይታሰቡም። ወንበርና መጠለያ እንኳ ቀላልና የሚነቀል ይሁን።

እቅድ ሲመጣ የምንጠይቀው

ከተማችን ሰሞኑን ቶሎ ቶሎ መሥራት ለምዳለች። አንድ ቀን የሚያምር የኮምፒውተር ሥዕል ስልካችሁ ላይ ብቅ ይል ይሆናል፦ ፏፏቴ፣ መብራት፣ አረንጓዴ ተራራ። ላይክና ሼር ከማድረጋችን በፊት አምስት ጥያቄ እንጠይቅ።

1. ጋዙን ማን ነው የሚለካው፣ ውጤቱስ ለሕዝብ ይነገራል? አንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው።

2. ፈሳሹ የት ነው የሚሄደው? ከታች ያሉ ወንዞች ዳር የሚታረሰው አትክልት ተመልሶ የሚመጣው ወደኛ ማዕድ ነው።

3. ለሚቀጥሉት 30 ዓመታት የጥገናው በጀት ከየት ነው? ክዳን የተሰነጠቀ ቀን የሚጠግነው ሰው ስልክ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

4. መግቢያው ስንት ነው? የሴኡሉ የጎልፍ ሜዳ ትዝ ይበላችሁ። የከተማው ሁሉ ቆሻሻ የተጣለበት ሰፈር ልጅ ለመግባት ከፍሎ መቆም ካለበት ነገሩ ተበላሽቷል።

5. ለቃሚዎቹስ? ቆሼ ለብዙ ሰው መተዳደሪያ ነው። የጣልነውን ሃይላንድ፣ ብረትና ጫማ እየለዩ ከተማዋን ከሌላ ተራራ ያዳኑ ሰዎች ናቸው። ቆሻሻውን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መለያ ጣቢያ ከተሠራ ቀዳሚ ሠራተኞቹ፣ መናፈሻው ከተሠራ አትክልተኞቹና ጠባቂዎቹ እነሱ መሆን አለባቸው። ያለዚያ ከቆሻሻው ጋር እነሱንም ጠረግናቸው ማለት ነው።

ስድስተኛው ጥያቄ ለራሳችን ነው። ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የቡና አተላ። ጋዙን የሚያመርተውም ጭማቂውን የሚያጠቁረውም እሱ ነው። ከፕላስቲኩ ተለይቶ ወደ ኮምፖስት ቢሄድ የሚቀጥለው ተራራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሁሉንም በአንድ ፌስታል ቋጥረን በር ላይ ማስቀመጥ እስካላቆምን ድረስ የአንዱ ሰፈር መናፈሻ የሌላው ሰፈር ቆሼ መሆኑ አይቀርም።

ስሙስ?

መናፈሻ ሲሠራ ስም ይወጣለታል። ሴኡሎች «ሰማይ» አሉት። እኛ ጋ ቆንጆ ስም ለማውጣት የሚያንሰን የለም። እኔ ግን አንድ ነገር ልለምን። ስሙ ምንም ይሁን፣ ከመናፈሻው ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥግ የመጋቢት 2 ሟቾች ይሁን። ስማቸው በድንጋይ የተጻፈበት፣ ቤተሰብ መጥቶ ሻማ የሚያበራበት፣ ልጆች ኳሳቸው ወደዚያ ሲሄድባቸው ቀስ ብለው ገብተው የሚያወጡበት ቦታ።

እነዚያ ሰዎች እዚያ ይኖሩ የነበረው መኖሪያ ጠፍቶባቸው ነው። ከተማዋ የጣለችው ነገር ሁሉ ከነሱ ራስ በላይ ተከምሮ ነበር። ቦታው አንድ ቀን ቢያምር፣ ማን ላይ እንዳማረ የማያስታውስ መናፈሻ ግን ያው ክዳን ነው፤ ከሥሩ ያለውን አላቆመም።

እስከዚያው ድረስ በሚቀጥለው ጊዜ በቀለበት መንገዱ ስታልፉ መስኮቱን ዝጉ፤ አልፈርድባችሁም። ግን በመስታወቱ ውስጥ አንዴ ዞር ብላችሁ እዩት። ውስጡ የኛም አለበት።